ከእጅጌው ጋር የመጣው ወረቀት

ወረቀቱ የመጣው ከኮት እጅጌ ጥቅል ጋር ታስሮ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ሻይ ሳንወጣ።

እኛ ፋብሪካ ጨርቁ ተቆርጦ ሲመጣ ሠላሳ ሠላሳ እየሆነ በጥብጣብ ይታሰራል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ካርድ ይንጠለጠላል። ኪስ የምትሰፋዋ ኪሷን ሰፍታ ካርዱ ላይ ትፈርምና ወደ ቀኝ ታሳልፋለች። አንገት የምታዞረዋም እንደዚያው። እኔ እጅጌ እገጥማለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈርሜያለሁ፤ ክር እንደ መቁረጥ ነው፣ እጅ ራሱ ያደርገዋል። ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያነብ ሰው መስመራችን ላይ የለም።

ከእኔ በቀር። እኔ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የመብራት ቢል ጀርባ፣ የአውቶቡስ ትኬት ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሕፈት ሳይቀር። ባለቤቴ ይስቅብኛል። "አንቺ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሽው መርዶ ለመፈለግ ነው" ይለኛል። ምን ላድርግ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ነው ያደግኩት። የሚደርሰው ካልቀረ ከየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ይሻለኛል።

ስለዚህ ከካርዱ ሥር የታሰረችውን ወረቀት ገልጬ አነበብኩ።

"እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ሠራተኞች፣ ለፌዴራሉ የአሠሪና ሠራተኛ ቦርድ አባልነት የታጩት ጠበቃ ሹመት እንዳይጸድቅ እንጠይቃለን። እጩዋ ከተሾሙ ድርጅቶች ይዘጋሉ፤ የልጆቻችን ጉሮሮ ይዘጋል።" ከሥሩ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ፊርማ። ከእኔ በስተግራ ያሉት ሁሉ ፈርመዋል። የአንዷ ፊርማ ላይ የማሽን ዘይት ነጥብ አለ።

እጄ ቆመ።

የቆመበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለ ልጄ መናገር አለብኝ። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ "ጠበቃ" ነው የምንላት። ኩርኩም ስትቀምስ "በምን ማስረጃ?" የምትል ልጅ ነበረች። እዚሁ ፋብሪካ፣ መተኮሻ ክፍል ትሠራ ነበር። የመተኮሻ ክፍሉ የኋላ በር ልብስ ተሰርቆ ይወጣል ተብሎ ከውጭ ይቆለፋል። አንድ ቀን የእንፋሎቱ ቱቦ ፈነዳ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ሮጡ። በሩ አልተከፈተም። ማንም አልሞተም፤ ሁለት ሴቶች ክንዳቸው ተቃጠለ፣ ያ ነው። ልጄ ግን "በሩ ይከፈት" ብላ ደብዳቤ ጻፈችና አስራ አንድ ሴቶች አስፈርማ አስገባች። በሳምንቱ "የሥራ ሰላም በማደፍረስ" ተባረረች። እነሆ አስራ አራት ወር ሆናት። የትም ፋብሪካ ብትሄድ የስንብት ደብዳቤዋን ያዩና "እንጠራሻለን" ይሏታል። ማንም ጠርቷት አያውቅም።

ክሷን ለፌዴራሉ ቦርድ አቀረበች። ቦርዱ አምስት ወንበር አለው፤ ለመፍረድ ቢያንስ ሦስት ሰው መቀመጥ አለበት። አንዱ ሰውዬ ጡረታ ወጡ፣ አንዱ ሞቱ፣ አንዷ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። የቀሩት ሁለቱ በየቀኑ ቢሮ ገብተው ይወጣሉ። መዝገብ ማገላበጥ ይችላሉ፣ መፍረድ ግን አይችሉም። እጩዋ ሦስተኛዋ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሠራተኞች ስትከራከር የኖረች ጠበቃ ናትና የአሠሪዎች ማኅበር አትሾምብንም ብሎ ተነሣ። እሷ ከተሾመች የልጄ መዝገብ ይከፈታል። ካልተሾመች እዚያው ይሻግታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዘለልኩት ውሸት ይሆንብኛል። ልጄ የበሩን ደብዳቤ ስታስፈርም መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነበር። "እማዬ፣ አንቺ ከፈረምሽ ሌሎቹ አይፈሩም" አለችኝ። እኔም "ዘመድ ለዘመድ ፈረመ ይሉናል፣ ይቅር" አልኳት። ሰበብ ነበር። እሷም ሰበብ እንደሆነ አውቃለች፤ ወረቀቷን ይዛ ወደ ሌሎቹ ሄደች።

"አንቺዬ! ጥቅሉ ተከመረብኝ እኮ!" አለችኝ ከግራዬ አንገት የምታዞረዋ። አፏ ስለማይዘጋ "ሬዲዮ" ነው የምንላት። "ፈርሚና ልቀቂው፤ የጋብቻ ውል ነው እንዴ?"

"አንብበሽዋል?"

"ምኑን?"

ይኼኔ የመስመራችን ተቆጣጣሪ መጣ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ "ቶሎ ቶሎ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያውቅ ቶሎ ቶሎ የሚል ስም ወጥቶለታል።

"እናትዬ፣ ምን ገጠመዎት? መርፌ ተሰበረ?"

"የለም፣ እያነበብኩ ነው።"

ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። "እሱ የአሠሪዎች ማኅበር የላከው ነው። ሁሉም ፈርሟል። ካልፈለጉ ይተዉት፣ ማን ያስገድድዎታል?" አለና እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ነቀለ። ምንም አልጻፈም። ማሽኔ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያየ ቆመ።

"ማን ያስገድድዎታል" የሚባል ሰው ራሱን ነው የሚያስገድደው። በዚያች ደቂቃ ያልታየኝ ነገር የለም። ስባረር ታየኝ፤ የባለቤቴ ጡረታ የራሱን መድኃኒት እንኳ ሳይሸፍን ታየኝ፤ ሦስታችንም ከነፍራሻችን መንገድ ላይ ስንቀመጥ፣ ዝናብ ሲጀምር ሁሉ ታየኝ። ደግሞስ አንድ ፊርማ ምን ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው እንደዚያ ብሎ እንዳሰበ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ፈረምኩ። ወደ ቀኝ አሳለፍኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ልጄ ወፍራም ፖስታ ይዛ ገባች። የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ኮፒ አድርጎ የሰጣት ነው። የአሠሪዎች ማኅበር ሹመቱን ለሚያጸድቀው የምክር ቤት ኮሚቴ ያስገባው ተቃውሞ ከነፊርማው። የአባቷን ማጉያ መነጽር ከመሳቢያ አወጣችና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"ከእኛ ፋብሪካ ብቻ አራት መቶ አስራ ሁለት! የአሠሪዎቹ ማኅበር ሰዎች ለጋዜጣ 'ሠራተኞቹ ራሳቸው አይፈልጓትም' ብለው ሰጥተዋል። አያችሁ ተንኮል? ባለሀብት ተቃወመ ከሚባል ሠራተኛ ተቃወመ ቢባል ይሰማል።"

"በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ" አለ ባለቤቴ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ለሁሉም ነገር ተረት አለው። "ነገ እነሱም መባረራቸው አይቀር፣ ማን ዘንድ ሊከሱ ነው?"

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ማየት ምን ይጠቅምሻል? ዓይንሽ ነው የሚጠፋው" አልኳት። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴ ተሰማኝ።

"ማን እንደፈረመ ማወቅ አለብኝ። ቀርቤ ነው የማናግራቸው።"

ጣቷ ወረደ። ገጽ አገላበጠች። ልብስ አጥፋለሁ ብዬ ቆሜ አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጠፍኩት። ሰባተኛ ክፍል እያለች የውጤት ካርዷ ላይ ፊርማዬን አስመስላ ፈርማ ስለነበር ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ከሥሩ ጅራት አለው። ጣቷ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ማጉያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሳታየኝ፣ "እማዬ፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም አይደል? አስመስለው ነው?" አለችኝ።

ማምለጫ በር ከፈተችልኝ። ላልፍበት ፈልጌ ነበር፣ እግዜር ያውቃል።

"የኔ ነው" አልኳት።

"እሺ። ሳታነቢ ነው የፈረምሽው። ከጥቅል ካርዱ ጋር አስረው ነው ያዞሩት አሉ። ሬዲዮ እንኳ ዛሬ ስነግራት እዬዬ ነው ያለችው፣ እኔ ምን አውቄ ብላ። ሳታነቢ ነው አይደል?"

ሁለተኛውንም በር ከፈተችው። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔና ያልተነበበ ወረቀት እንደማንተዋወቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"አዎ" አልኳት። "ሳላነብ ነው።"

ትከሻዋ ረገበ። መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ እኔን ማጽናናት! ባለቤቴ ጋዜጣውን አነሣና ፊቱን ሸፈነበት። ማታ ሲተኛ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረኝ፦ "ውሸት እግሩ አጭር ነው፤ ሩቅ ቦታ አትላኪው።"

እኔ ግን ላክሁት። የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ከልጄ ጋር ሆኖ ፊርማ መሰረዣ ወረቀት አዘጋጀ። "ምን እንደሆነ ሳላነብ ስለፈረምኩ ፊርማዬ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ" ይላል። ፋብሪካ ውስጥ ማዞር ስለማይቻል ሰርቪስ አውቶቡሱ ላይ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ከፊተኛው ወንበር ተነሣ። እንዴት እንደዞረ ብታዩት ትስቁ ነበር። አንዷ ፈርማ ወደ ኋላ፣ ሌላዋ ፈርማ ወደ ኋላ። ሬዲዮ ስለ አማቷ እያወራች፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ፈርማ አሳለፈችልኝ።

"ሬዲዮ፣ ይሄንንስ አነበብሽው?"

"ውይ፣ ልጅሽ ያመጣችው አይደል? ምን ያስነብበኛል!"

አነበብኩት። በመጨረሻ ከፈረሙት ዘጠና ስድስት ሰዎች እውነት ያልሆነው በእኔ ላይ ብቻ ነበር። ፈረምኩ።

ኮሚቴው እጩዋን የሚሰማበት ቀን ሐሙስ ሆነ። ልጄ "አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አላለችኝም፤ "መምጣት ከቻልሽ" ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ ቶሎን "የሐኪም ቀጠሮ አለኝ" ብዬ አስፈቀድኩ። ሳስፈቅድ ግንባሬ በላብ ስለራሰ "በእርግጥም አሞዎታል" አለኝ።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ወንበሮቹ አዲስ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላስቲካቸው ገና ስላልተነሣ ሰው ሲቀመጥ ይንኮሻኮሻል። ከፊት ዘጠኝ የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። እጩዋ ብቻዋን ትንሽ ጠረጴዛ ይዛለች። ጋዜጣው ከጻፈው የተነሣ ቀንድ ያላት መስሎኝ ነበር። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ፋብሪካ ታዘጋለች የምትባለዋ ሴት መሀረብ ረስታ መጥታ የሶፍት ቁራጭ እያጠፈች ትጠቀማለች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቋት። ጥያቄው ሁሉ በአንድ ክር የተሰፋ ነው፦ ለአሠሪ ፍርድ ትሰጫለሽ ወይ? "ማስረጃ ካለው እሰጣለሁ" ትላለች። ሌላው ይነሣና ያንኑ ይጠይቃታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንዱ አባል ስልኩን ሲያይ፣ አንዷ ስታዛጋ እያየሁ፣ የልጄ አስራ አራት ወር በእነዚህ ሰዎች ማዛጋት ውስጥ ሲያልፍ እያየሁ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ጨመቅሁ።

ከዚያ የአሠሪዎች ማኅበር ጠበቃ ተነሣ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሕፃን የሚያስተኛ ድምፅ።

"የተከበራችሁ አባላት፣ አራት መቶ አስራ ሁለት ሠራተኞች ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ትናንት ደግሞ ዘጠና ስድስቱ ሳናነብ ነው የፈረምነው ብለዋል። እናቶቻችንን አከብራለሁ። ግን ልጠይቅ፤ ሳያነቡ የሚፈርሙ ከሆነ፣ ይሄንን ሁለተኛውንስ አንብበውታል?"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቁን ለመዋጥ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የልጄ ጆሮ ሲቀላ ከጎን አየሁት።

"ስለዚህ" አለ ጠበቃው፣ "ዘጠና ስድስቱን እንተዋቸው። ሦስት መቶ አስራ ስድስቱ ይቀራሉ። አንብበው፣ አምነው የፈረሙ።"

"ማን አንብቦ!" አለች ልጄ ተነሥታ።

"ልጅ፣ ተቀመጪ። እዚህ የሚናገር የተፈቀደለት ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ለመሆኑ ከፈረሙት ውስጥ እዚህ የተገኘ አለ?"

ማንም የለም። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። በሥራ ሰዓት የሚሰማ የሠራተኛ ጉዳይ።

እጄን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም እላለሁ አንዳንዴ፤ እጅ ራሱ ነው ያደረገው፣ ካርድ እንደሚፈርመው። ወንበሬ ተንኮሻኮሸ። ድምፅ ማጉያ አምጥተው ሰጡኝ፤ እሱም ጮኸብኝ።

"እኔ ፈርሜያለሁ" አልኩ። "እጅጌ ገጣሚ ነኝ።"

"ሳያነቡ ነው?" አሉኝ ሰብሳቢው።

ልጄ ታየኛለች። ለስላሳው ጠበቃም ያየኛል።

"አንብቤ ነው" አልኩ። "ሁለቱንም አንብቤ ነው የፈረምኩት። መስመራችን ላይ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከግራዬ ያለችውን ጠይቄያታለሁ፣ ምኑን ነው ያለችኝ። ከጥቅል ካርድ ጋር ታስሮ ነው የመጣው፤ ካርድ ደግሞ ካልተፈረመ አያልፍም፣ እኛ ከያዝነው መስመሩ ይቆማል።"

"እናቴ፣ ካነበቡትማ ለምን ፈረሙ?" አሉ ሰብሳቢው።

"ፈርቼ።"

"ማን አስፈራራዎት?"

"ማንም። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ይዞ ቆመ፣ ያ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።"

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሣ። "እንግዲያው በሁለተኛው ወረቀት ላይ ዋሽተዋል ማለት ነው?"

"አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ልጄ እዚህ ናት። የመተኮሻ ክፍል በር ይከፈት ብላ ስታስፈርም ለእሷ አልፈረምኩላትም። ለእናንተ ፈረምኩ። አንብቤ ፈርሜ፣ አላነበብኩም ብዬ ዋሸኋት። በሩ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት።"

ማንም አልሳቀም። እጩዋ ሶፍቷን ያዘች፤ ለጉንፋኑ ይሁን ለሌላ አላውቅም። ሰብሳቢው ጸሐፊያቸውን "መዝግቢው" አሉና "እንግዲህ ወደ ድምፅ አሰጣጥ" ብለው ቀና ሲሉ ከዘጠኙ ወንበር አምስቱ ባዶ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ ስናገር አንድ በአንድ ወጥተዋል።

"ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ" አሉ ሰብሳቢው፣ "ድምፅ አሰጣጡ ከምክር ቤቱ እረፍት በኋላ ይሆናል።"

"እረፍቱ መቼ ነው የሚያበቃው?" አለች ልጄ።

"ከሦስት ወር በኋላ።"

ሰው ስላልተሟላ የማይፈርድ ቦርድ ሰው እንዲሟላለት፣ ሰው ያልተሟላለት ኮሚቴ ሰበሰቡለት። ይሄን ብጮኽ እብድ ይሉኝ ነበርና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄደች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"ፈርቼ።"

"ፈርቼ፣ ፈርቼ! ቤታችን ውስጥ ማን አለ የሚያስፈራ? እኔ ነኝ? አባዬ ነው?"

"አንቺ" አልኳት። "አንቺን ነው የፈራሁት። ሥራ ባጣ ሌላ ይገኛል እላለሁ። አንቺ ፊትሽን ብታዞሪብኝ ምን አደርጋለሁ?"

ይኼኔ እጩዋ ፋይሏን ታቅፋ በአጠገባችን ልታልፍ መጣች። ልጄ ዘለል ብላ ፊቷ ቆመች።

"እትዬ፣ የበሩ ባለጉዳይ እኔ ነኝ። መዝገቤ ቦርዱ ዘንድ..."

"ዝም በይ!" አለች እጩዋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ መኪና እንደሚያቆም ትራፊክ። "አትንገሪኝ የኔ ልጅ። ከአንዲት ባለጉዳይ ጋር ስለ ጉዳይዋ ካወራሁ፣ ብሾም እንኳ ያንቺን መዝገብ ማየት አልችልም። ሦስተኛ ፈራጅ ይጎድልሻል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ተወችው፣ አስነጠሳት፣ ሄደች።

ልጄ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ ክፉ ሳቅ፣ እንባ ያለበት። "ሰማሽ? የምትረዳኝ ሴትዮ እንኳ ልትሰማኝ አትችልም!"

"እኔ ሰማሁሽ" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

"አንቺማ ያኔ ነበር መስማት የነበረብሽ" አለችና ክንዴን ያዘችኝ፤ ደረጃው ስለሚያንሸራትት ይሁን ስላዘነችልኝ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ ጠዋት ዘበኛው በር ላይ አስቀረኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት "እንደምን አደሩ እናቴ" ያለኝ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ፖስታ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር። ስለ ፊርማም፣ ስለ ኮሚቴም አንድ ቃል የለም። "ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ሄድኩ በማለት አሠሪውን ስላታለሉ ተሰናብተዋል" ይላል። እውነቱን ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ውሸቴን ካወጣሁ በኋላ በቀረችኝ በአንዷ ውሸት ያዙኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ቀን እንዲህ ነው የመጣው። ዝናብ አልነበረም። ፍራሽም መንገድ ላይ አልወጣም። ባለቤቴ ፖስታውን አገላብጦ አየና፣ "እንግዲህ ሌላ የምትፈሪው እስክታገኚ ድረስ ትንሽ ታርፊያለሽ" አለኝ። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም።

ልጄ መሳቢያዋን ከፍታ የበሩን ደብዳቤ ኮፒ አወጣች። የአስራ አንድ ሴቶች ፊርማ አለበት፤ ከሥሩ ባዶ መስመር። ያችን መስመር አየሁና እስክሪብቶ አነሣሁ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልፈርም። አሥራ ሁለተኛ።"

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። "እማዬ! ማስረጃ ነው እኮ! አሁን ከፈረምሽበት ከዋናው ጋር አይመሳሰልም፣ ቀኑም አይገጥምም፤ ያ ለስላሳ ሰውዬ ይሄን አግኝቶ ይለቀናል?"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ልክ ናት። አንዳንድ መስመር አንዴ ካለፈሽ አለፈሽ ነው።

"ልበሺ" አለችኝ። "ካንቺ ጋር ሌላ የምንጽፈው አለ።"

የቦርዱ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው። አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ኋላ አንድ ሰውዬ፣ ከሰውዬው ኋላ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። ልጄን ሲያያት ገና ከሩቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ ዛሬም አልተሟሉም። ሁለት ናቸው።"

"ዛሬ ለእኔ አይደለም" አለች። "አዲስ ክስ ነው። እናቴ ናት።"

ሰውዬው ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ አየ። "ቤተሰቡን ሙሉ ልታመጪ ነው? አባትሽስ?"

"እሱ ጡረታ ወጥቶ አመለጣችሁ።"

ሳቀና ቅጽ ሰጠኝ። "መቀበል እንቀበላለን። መፍረድ ነው የማንችለው።"

ልጄ ልትሞላልኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ግድግዳው ላይ አስደግፌ ራሴ ጻፍኩት። የወረቀቱን ነገር፣ የእስክሪብቶውን፣ የአዳራሹን። የሐኪሙን ቀጠሮ ውሸትም ጻፍኩት፤ ልጄ በትከሻዬ በኩል እያነበበች "ይሄንን እንኳ ባትጽፊው" አለችኝ።

"ይጻፍ" አልኳት። "ሲፈልጉ ሌላ ውሸት እንዳያገኙብኝ።"

ከኋላችን የተሰለፈ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ "እናት፣ ትንሽ ቶሎ ቢሉልን" አለ። አልቸኮልኩም። ከቅጹ ሥር ታትሞ የተቀመጠ አንድ መስመር አለ፦ "ከላይ የተጻፈውን አንብቤ፣ ተረድቼ ፈርሜያለሁ።" የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ አንብቤ ጨረስኩና ፈረምኩ፣ ከነጅራቱ።

ሰውዬው ማኅተሙን መታበት። "አባላት እስኪሟሉ በቀጠሮ" የሚል ማኅተም ነው፤ ብዙ ስለመታበት ጫፉ ተበልቷል። ከዚያ ፋይሌን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣና የልጄን አቧራ የለበሰ ፋይል ፈልጎ ከጎኑ ሻጠው።

"አንድ ላይ ይሁኑ" አለ። "ሲፈለጉ አንዴ ይወርዳሉ።"

"መቼ ይወርዳሉ?" አልኩት።

መሰላሉ ላይ እንደቆመ እኛን አየ፤ እኛም ፋይሎቹን።